የሳሌሃ ተከራዮች ለምን በኦፕራሲዮን ይወልዳሉ?

ሳሌሃ ሰው አታምንም። ይህን የቡታጅራ ገበያ በሙሉ ያውቀዋል፤ እሷም ደብቃው አታውቅም። ከገጠር ቅቤ በኮባ ጠቅልላ የመጣች ሴት ሰላምታዋን ሳትጨርስ የሳሌሃ እጅ ወደ ሻሿ ይሄዳል። ሻሿ ላይ የሰካቻት ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር አለች። ያቺን መዝዛ እስከ ቅቤው መሃል ትሰዳታለች፤ ስታወጣት አፍንጫዋ ሥር ታዞራታለች። ለጋውን ከላይ ለብጠው የከረመውን መሃል የሚደብቁ አሉና። ሻጯ ቅር ቢላት፣ «ወላሂ የትናንት ነው!» ብትል ሳሌሃ ግድ የላትም። «ውጩማ የሁላችሁም ያምራል» ትላታለች፤ ስለ ልጆቿና ስለ ከብቶቿ ጤና የምትጠይቃት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጠባይዋ ከገበያ አብሯት ቤት ይገባል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ አብራው ቆማ ታነባለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ቀበሌ ለስብሰባ ሲጠራት «ለምንድን ነው?» ሳትል ሄዳ አታውቅም፤ ስብሰባው ካለቀም በኋላ ትጠይቃለች። አንድ ለአምስት ተደራጁ የተባለ ጊዜ አብረዋት የሚሆኑትን ሴቶች ራሷ መርጣ፣ በማግሥቱ ሁሉንም መጠርጠር ጀመረች። ሰዉ ይስቅባታል እንጂ አይጠላትም። ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድማ በር የምታንኳኳው እሷ ናትና።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በቅቤዋና በጓሮዋ ባሠራቻቸው የሰርቪስ ክፍሎች ነው። በዚያ በኢሕአዴግ ጊዜ ቡታጅራ እየሰፋች ነበር። አስፋልቱ መጣ፣ ባጃጁ መጣ፣ መሥሪያ ቤቱ በዛ፤ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ የተመደበ አስተማሪና የቢሮ ሰው ቤት ፍለጋ በየግቢው ይዞር ነበር። ሳሌሃ ተከራይ ስትቀበልም ያው ናት። ካገርህ ለምን ወጣህ? እናትህ አሉ? ካሉ ለምን ትተሃቸው መጣህ? ይህን ሁሉ የመለሰ ሰው ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ከዚያም እንደ ዘመድ ይያዛል።

ነገሩን ያየችው ከነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የሒሳብ አስተማሪው ሚስት ወለደች። ሳሌሃ እንደ አገሯ ወግ ቡላ አገንፍታ፣ ለጋ ቅቤ ይዛ አራሷን ልትጠይቅ ገባች። ወገቧን ልታሽላት ልብሷን ገለጥ ስታደርግ ከእምብርቷ በታች ስፌት አየች። ክው አለች። «ምን አድርገውሽ ነው?» ስትላት፣ «በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፣ አዴ» አለቻት ሴትዮዋ እንደ ተራ ነገር። አዴ እናት ማለት ነው፤ ተከራዮቹ ሁሉ እንደ ሰፈሩ ልጆች አዴ ይሏታል። ቀጥሎ ፍርድ ቤት የምትሠራው መንበረ ወለደች፤ እሷም ስፌት። ከዚያ በማዶ ግቢ የተከራየችው የባንክ ሠራተኛ፤ እሷም።

ሳሌሃ ይህን ከራሷ ሰዎች ጋር አስተያየችው። የጎረቤቷ የዘይባ ልጅ በዚያው ሆስፒታል ወልዳለች፤ ስፌት የለባትም። ሌላዋ ጎረቤቷ አሚኔም ወልዳለች፤ የለባትም። የራሷ ልጅ ባሂራም እዚያው ወልዳለች፤ ልጁ አልቆየላትም እንጂ ገላዋ ሳይነካ በእግሯ ገብታለች፣ አልሃምዱሊላህ። እንግዲህ ሆስፒታሉ አንድ፣ ሐኪሙ አንድ፣ አልጋው አንድ ሆኖ ሳለ ቢላዋው የመጤዋን ሆድ እየመረጠ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ገበያ ላይ ስታነሳው የጨርቅ ነጋዴው ሀቢቡ ነገሩን ገልብጦ አየው።

«አንቺ ደግሞ! ስለሚጨነቁላቸው ነው እንጂ» አለ። «ሐኪሙ ያገራቸው ሰው፣ ነርሷ ያገራቸው ሰው። የነሱ ሴት ገና አመመኝ ስትል ኦፕራሲዮን ይደረግላታል። የኛ ሴት ስትጮህ ብትውል ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

«ሂድ ወዲያ! መቀደድ ከመቼ ወዲህ ነው ጥቅም የሆነው?» አለችው ሳሌሃ። «የሚቀዷቸው ሰው ስለሌላቸው ነው። እናቷ ጎጃም፣ እህቷ ጎጃም። በር ላይ ቆሞ አይሆንም የሚልላት ማን አለ? ባል ብቻ። ባል ደግሞ ፈርም ሲሉት ይፈርማል። የኛ ሴት ስትገባ ግን አጎቱም አክስቱም ጎረቤቱም ግቢውን ይሞላዋል። ሐኪሙም ይፈራል።»

ሁለቱም ሆስፒታሉን እኩል ጠረጠሩት፤ የተለያዩት የትኛው ነው የተበደለው በሚለው ላይ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ሄደው አልጠየቁም። መልስ ቢመጣ ወሬው ያልቅባቸው ነበር።

ሳሌሃ ሐኪሙ ይፈራል ስትል ግን ዝም ብላ አልነበረም። ራሷ አስፈራርታ አይታዋለችና። በእሷ ወገን እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው አፍ አይወሰንም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናት ወንድም ይጠበቃል። የባሂራ ጊዜ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ሲሏት፣ «አጎቷ ሰይዶ ከቆሼ እየመጣ ነው፤ እሱ ሳይደርስ ማንም አይነካትም» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ቢለምኗት አልሰማችም። ሰይዶ ከዚያች ከጎረቤት ከተማ መኪና አጥቶ ሲቆይ ባሂራ በራሷ ወለደች። ሳሌሃ ይህን እንደ ድል ይዛው ኖረች። ሕፃኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰጣት፤ እሷም ዘግይቶ ለደረሰው ለሰይዶ ሰጠችው፤ ሰይዶ ወስዶ ቀበረው። ሳያለቅስ ለሄደ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ይዘጋል። ሳሌሃም ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፎ እንኳ ያ ልጅ በቤቱ ተነሥቶ አያውቅም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ወርቅውሃ የመጣችው።

ወርቅውሃ ከጎጃም የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ባሏ አስረስ ወረዳው ግብርና ቢሮ ይሠራል። ሳሌሃ መጀመሪያ እሷንም ጠርጥራት ነበር፤ ዝምታዋን አልወደደችውም። አንድ ቀን ግን ወርቅውሃ ከሌላ ሴት የገዛችውን ቅቤ ይዛ መጥታ፣ «አዴ፣ ይሄ መሃሉ የቆየ አይመስልዎትም?» አለቻት። ሳሌሃ ስንጥሯን ሰዳ አሸተተች። እውነትም የቆየ ነው። በዚያው ቅጽበት ወደደቻት፤ ሰው የማታምን ልጅ እንዴት አትወደድ? ከዚያ በኋላ ምሳ ያላት እንደሆነ ለወርቅውሃ ሳታካፍል አትበላም።

ወርቅውሃ ስታረግዝ የሳሌሃ እንቅልፍ ጠፋ። እሷንም ሊቀዷት ነው። እናቷ ሩቅ፣ ባሏ ደግሞ ጨዋ፤ ዶክተር የተባለ ሰው ሁሉ እውነት የሚናገር የሚመስለው። ሳሌሃ የወርቅውሃ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና እንዲህ አለቻት፦

«ስሚኝ። ቀንሽ ሲደርስ እኔ ነኝ የምወስድሽ። እናቷ ነኝ እላለሁ። እኔ ሳልል በምንም ነገር እሺ እንዳትዪ።»

ወርቅውሃ እናቷን ካየች ሁለት ፋሲካ አልፏታል። እንባዋ መጣ። «እሺ አዴ። እርስዎ ያሉት ይሆናል» አለች።

ምጡ የመጣው በገበያ ቀን ነው። አስረስ ወልቂጤ ለሥልጠና ተጠርቶ ሄዷል፤ በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮው ይልቅ ሥልጠና ላይ ይገኝ ነበር። ሲደወልለት ኔትወርክ የለም ይላል። ሳሌሃ ቅቤዋን ለዘይባ አደራ ብላ፣ «ሳታሸቺ እንዳትገዢ» ብላ አስጠንቅቃ፣ ወርቅውሃን ደግፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ሆስፒታሉ ስትደርስ የተቀበለቻት አዋላጅ ሔራን ትባላለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ወጣት። ሳሌሃ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺ ከየት ነሽ?»

«ከደሴ ነኝ፣ እማማ።»

«እናትሽስ?»

«እሳቸውም ደሴ ናቸው።»

«ያው ነው» አለች ሳሌሃ፤ ምኑ ያው እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ወርቅውሃ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ታምጣለች። ሳሌሃ ወገቧን ይዛ፣ ላቧን እየጠረገች፣ «ጥሪያት፣ ጥሪያት፤ በርቺ የኔ ልጅ» እያለች በልቧ የራሷን ዱዓ ታደርጋለች። ሔራን በየመሃሉ እየመጣች በእንጨት መስሚያዋ የሕፃኑን ልብ ታዳምጣለች። በመጣች ቁጥር ሳሌሃ እጇን ታያለች፤ ምን እንደያዘች፣ ምን እንደምትነካ። ረፋዱ በደህና አለፈ። ከቀትር በኋላ ሳሌሃ ባሂራ አጥሚት ይዛ እንድትመጣ ልትደውልላት ወጣ አለች። ስትመለስ ሔራን መስሚያዋን ሆዱ ላይ አድርጋ ጎንበስ እንዳለች ቆይታለች፤ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ዶክተር ነብዩን ጠራችው። እሱም አየ፣ አዳመጠ፣ «የቀዶ ጥገና ክፍሉን አዘጋጁ» ብሎ ወጣ።

«እማማ፣ የሕፃኑ ልብ እየደከመ ነው» አለች ሔራን። «መቆየት የለብንም። በኦፕራሲዮን እናውጣው።»

መጣች፣ አለች ሳሌሃ በልቧ። ይህችን ቃል ስትጠብቅ ነው የዋለችው።

«እስከ አሁን ደህና አልነበረም?»

«ደህና ነበር። አሁን ነው የተለወጠው።»

«እኔ እስክወጣ ጠብቆ ነው የተለወጠው?»

ሔራን ወደ ወርቅውሃ ዞረች። «እህቴ፣ ሰምተሽኛል? ትስማሚያለሽ?»

ወርቅውሃ ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን ከሔራን ላይ አንሥታ ወደ ሳሌሃ መለሰችው። «አዴ ያሉት ይሁን» አለች።

የሳሌሃ እጅ ሳታውቀው ወደ ሻሿ ሄደ፤ ስንጥሯን ነካች። ስንጥር የሚሰደድበት ነገር ግን አልነበረም። ከፊቷ ያለው አንዲት የማታውቃት ልጅ ቃልና አንዲት የምትወዳት ልጅ ሆድ ነው። ልቧ ፈራ፤ በፈራች ጊዜ የምታውቀውን ያዘች።

«አጎቷ እየመጣ ነው» አለች። «እሱ ሳይደርስ አይሆንም።»

«የማን አጎት?»

«የሷ ነዋ። ሰይዶ ይባላል። ከቆሼ እየመጣ ነው።»

ሔራን ግራ ገብቷት አየቻት። «ይቺ ሴት ከጎጃም ናት። ቆሼ ምን አጎት አላት?»

«ዘመድ የትም አለ!» አለች ሳሌሃ፣ ሳታፍር። ከዚያ የከረመው ሁሉ ወጣ። «እኔን አታታልሉኝም! ጎረቤቶቼን ሁሉ አይቻለሁ። ከሩቅ የመጣችዋን ትቀዳላችሁ፣ የኛን አትነኩም። ሰው የሌላትን እየመረጣችሁ!»

ሔራንም ትዕግሥቷ አለቀ። «የእናንተን የማንነካው ስለማትፈቅዱልን ነው፣ እማማ! አንዷን እናድን ስንል ዘመድ ይሰብሰብ ይባላል፣ አጎት ይጠበቅ ይባላል። የነዚህ ባል ቶሎ ይፈርማል። ብቻዋን የምታምጥ ሴት ቶሎ ትደክማለች፣ እሱ እውነትዎን ነው። የእናንተዋ ግን አጎት እስኪደርስ ወይ በራሷ ትወልዳለች፣ ወይ ደግሞ…» ብላ ቃሉን ዋጠችው።

«ወይ ደግሞ ምን?»

«ወይ ደግሞ እንደ እኔ ትሆናለች» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ባሂራ ናት። አጥሚቱን በፔርሙስ ይዛ ቆማለች፤ መቼ እንደደረሰች ማንም አላያትም። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እማ፣ አጎቴ ሰይዶ ለኔም እየመጣ ነበር» አለች። «ደርሶ ምን አደረገ? ቀበረ።»

ክፍሉ ውስጥ የወርቅውሃ ማቃሰት ብቻ ይሰማ ነበር። ሳሌሃ ልጇን አየቻት። ባሂራ ስለዚያ ቀን ይህን ያህል ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሳሌሃ አሁንም ሔራንን አላመነቻትም፤ ዶክተሩንም አላመነችውም። የባሂራን ፊት ግን መጠርጠር አቃታት።

ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። «እሺ በያቸው፣ ልጄ» አለች። «እሺ በይ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ወርቅውሃን ወዲያው ወሰዷት። እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳሌሃ በልቧ ትከራከር ጀመር። ይቺ ልጅ ብትሞት እሺ ያስባልኳት እኔ ነኝ፤ ሕፃኑ ቢሞት ያቆየሁት እኔ ነኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላወቀችም። ባሂራ አጠገቧ ናት፤ ግን ትከሻዋ አይነካትም።

ለማሰብ ጊዜ ያገኘችው እዚያ ነው፤ ማሰቡን ግን አልፈለገችውም ነበር። የሒሳብ አስተማሪው ልጅ መጣባት፤ ያ የቧንቧውን ውኃ እየከፈተ የሚያስቸግራት፣ ዶሮዎቿን የሚያባርር። የመንበረ ልጅ መጣችባት፤ ቀሚሷን ይዛ ካልተሸከምሽኝ የምትል። የባንክ ሠራተኛዋ ወንድ ልጅ በማዶ አጥር ተንጠልጥሎ ይጠራታል። እናቶቻቸው ሁሉ ስፌት አለባቸው። ስፌት የሌለባቸውስ? የአሚኔ ልጅ አለ፣ ያድጋል። የዘይባ የልጅ ልጅ ግን የት አለ? «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ተብሎ ተዘግቷል። የባሂራውስ? በየቤቱ ገብታ ሆድ ስታይ ከረመች እንጂ አንድ ቀንም ልጅ ቆጥራ አታውቅም። እንዴት ትቆጥር? የሌለውን ማን ስሙን አንሥቶባት ያውቃል?

በሩ ተከፈተና ሔራን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣች።

«ሴት ናት። እናቷም ደህና ናት» አለች ሔራን። የቅድሙ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። «ለማን ልስጥ? እናቷ ነኝ ብለው የለ?»

ሳሌሃ ተቀበለቻት። ጨርቁን ገለጠች። ፊቷን አየች፣ ጣቶቿን አየች፣ እግሯን አየች። ሕፃኗ ብርዱ አልተመቻትምና ጮኸች። ሳሌሃ ሆን ብላ ሳትሸፍናት ቆይታ ጩኸቷን ሰማች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ መለሰችና ጠቀለለቻት። ሔራን ወደ ሥራዋ ገባች።

«ባሂራ።»

«አቤት፣ እማ።»

«ያንቺው… ወንድ ነበር ሴት?»

ባሂራ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች።

«አንቺ አላየሽውም?»

«በጨርቅ ነበር የሰጡኝ። ጨርቁን አልገለጥኩትም። ለሰይዶ ሰጠሁት።»

«እኔ ራሴን ስቼ ነበር» አለች ባሂራ። «አንቺ ያየሽው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ስጠብቅሽ።»

የአገሩን ቅቤ ሁሉ መሃሉን ሳታይ ያላለፈች ሴት፣ የራሷን የልጅ ልጅ ፊት ሳትገልጥ ለቀባሪ ሰጥታለች። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ነች ያወቀችው፣ ያውም ያን ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልጠረገችውም።

የወርቅውሃን ልጅ በባሂራ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችና ተነሣች። ሻሿን አስተካክላ ነጠላዋን አጣፋች።

«ወርቅውሃን አንቺ ጠብቂያት። ስትነቃ ልጇን አሳዪያት፤ ገልጠሽ አሳዪያት» አለች።

«ወዴት ነሽ?»

«ቆሼ። ሰይዶ አይቶት እንደሆነ ልጠይቀው።»

«ለዒድ ይመጣ የለ፣ እማ? ያኔ ትጠይቂዋለሽ።»

«የለም» አለች ሳሌሃ። «ከእንግዲህ አልጠብቀውም።» ከግቢው ወጥታ የቆሼ መኪና ከየት እንደሚነሣ የመጀመሪያውን ባጃጅ ነጂ ጠየቀችው፤ የነገራትንም ሳትጠራጠር ሄደች።